መጀመሪያ እህሉን ቁጠሩ፦ የሮአኖክ ሰፋሪዎችን ዕጣ በልብ ወለድ ለመጻፍ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን አመሻችሁ? የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ደግሞ ደብተራችሁን ዘርግታችሁ ከፊት የተቀመጣችሁ ጸሐፊዎች፣ የቅዳሜ ምሽታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «ክርስቲያናዊ ታሪካዊ ልብ ወለድ» ይላል። ሰፊ ነው። ስለዚህ አንድ ታሪክ ብቻ ይዤ እገባበታለሁ፤ በ1587 ሮአኖክ በምትባል ደሴት ላይ ስለቀሩት እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች፣ «የጠፉት» ስለሚባሉት። ለምን እነሱ? ይህ ታሪክ መጀመሪያ አለው፣ መካከል አለው፣ መጨረሻ ግን የለውም። መጨረሻ የሌለው ታሪክ ጸሐፊን ይጠራል። ክርስቲያን ጸሐፊን ደግሞ አብዝቶ ይጠራል፤ ወዲያው ተአምር ይታየዋል፣ ወዲያው «አገሬው ሁሉ ተጠመቀ» የሚል ማሳረጊያ ይመጣለታል። እኔ ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ፍጻሜያቸውን ከመጻፋችሁ በፊት እህላቸውን ቁጠሩ። ልድገመው፤ እህላቸውን ቁጠሩ።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ የአውሮፓውያን ናቸው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ስለመለወጡ በኋላ እመለስበታለሁ። በ1584 ንግሥት ኤልሳቤጥ ለሰር ዋልተር ራሌይ በአሜሪካ ሰው የማስፈር ፈቃድ ሰጠችው። በዚያው ዓመት የሄዱት መርከቦች ከዚያ ጠረፍ ሁለት ሰዎች ይዘው ለንደን ገቡ፤ ማንቴዮንና ዋንቺስን። በ1585 ወታደሮች ተላኩ፤ በራልፍ ሌን አዛዥነት 107 ወንዶች ደሴቲቱ ላይ ከረሙ። ከአገሬው ተጣልተው፣ ተርበው፣ በጁን 1586 በፍራንሲስ ድሬክ መርከቦች ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1587 ደግሞ ቤተሰቦች ተላኩ። ገዥያቸው ሠዓሊው ጆን ዋይት ነበር። አብራው የመጣችው ልጁ ኤሊኖር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ባሏ አናንያስ ዴር ግንበኛ ነው። 115 ገደማ ሰዎች ቀሩ፤ ከነሱ ውስጥ 17 ሴቶችና 9 ወንዶች ልጆች ነበሩ። ሊሰፍሩ ያሰቡት ቼሳፒክ ወሽመጥ ነበር፤ ነገር ግን መርከቦቹን ይመራ የነበረው ፖርቱጋላዊው ሳይመን ፈርናንዴስ ከሮአኖክ ወዲያ አላደርሳችሁም አለ። ጁላይ 22 ደረሱ። ኦገስት 27 ዋይት ስንቅ ሊያመጣ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። የስፔን ጦር መርከቦች በ1588 እንግሊዝን ሊወሩ ሲመጡ መርከብ ሁሉ ለጦርነት ተያዘ፤ ዋይት የተመለሰው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 18 ቀን 1590 ነው። ያ ቀን የልጅ ልጁ የቨርጂኒያ ዴር ሦስተኛ የልደት ቀን ነበር። ደሴቲቱ ላይ አንድም ሰው አልነበረም።

ሄዶ ማየት ለሚፈልግ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ በተራራው በኩል፣ ሮአኖክ የሚባል ከተማ አለ። እሱ አይደለም። ደሴቲቱ ያለችው ሰሜን ካሮላይና ነው፤ በዋናው ምድርና ውቅያኖሱን በሚገድቡት ረጃጅም የአሸዋ ደሴቶች መካከል። ከዚህ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ጂፒኤስ ላይ ስሙን ብቻ ጽፎ የተነሳ ሰው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይነዳል።

እንግዲህ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ዋይት ያየውን። ሁለተኛ፣ እህሉን። ሦስተኛ፣ እምነቱን። ከዚያ ስለ ዕጣቸው እንነጋገራለን።

አንደኛውን በቶሎ ልለፈው። ዋይት የጻፈው ዘገባ እጃችን ላይ አለ። የፖሊስ መርማሪ ሆናችሁ አንብቡት። ከባሕሩ ዳር ያለ ዛፍ ላይ ሦስት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ሲ፣ አር፣ ኦ። ሰፈሩ በትላልቅ ግንዶች ታጥሯል። በመግቢያው በስተቀኝ ካሉት ግንዶች በአንዱ ላይ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ከመሬት አምስት ጫማ ከፍ ብሎ፣ በጥሩ ፊደል «ክሮአቶአን» የሚል ተቀርጿል። ክሮአቶአን የማንቴዮ አገር ናት፤ ዛሬ ሃተራስ የምትባለው ደሴት። ሲለያዩ የተስማሙበት ምልክት ነበር፤ ወደ ሌላ ቦታ ከሄዱ የቦታውን ስም ይቀርጻሉ፤ በጭንቅ ከሄዱ ከስሙ በላይ መስቀል ያደርጋሉ። መስቀል አልነበረም። ቤቶቹ አልተቃጠሉም፤ ፈርሰው ተወስደዋል። ጀልባዎቹና ቀላል መድፎቹ የሉም። የቀሩት ከባድ ነገሮች ናቸው፤ የብረት ዘንጎች፣ የእርሳስ ጥፍጥፎች፣ አራት የብረት መድፎችና የመድፍ ጥይት፤ ሣር ውጧቸዋል። ተቀብረው የነበሩ አምስት ሳጥኖች ተቆፍረው ወጥተዋል፤ ሦስቱ የዋይት የራሱ ናቸው። መጽሐፎቹ ከገበራቸው ተገንጥለዋል፣ ሥዕሎቹና ካርታዎቹ በዝናብ በስብሰዋል፣ የጦር ልብሱ በዝገት ተበልቷል።

ይህ ምን ይነግራችኋል? ቤት አፍርሶ፣ ምሰሶውንና ወጋግራውን አስሮ የሚሄድ ሰው ጊዜ ያለው ሰው ነው። ሳጥን የሚቀብር ሰው እመለሳለሁ የሚል ሰው ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ የእሳትና የጩኸት ሌሊት፣ በአንድ ሌሊት ያለቀ ሰፈር አትጻፉልን። እስፓኞችም አልፈጇቸውም። በጁን 1588 በቪሴንቴ ጎንሳሌስ የተመራች የስፔን መርከብ ፈልጋቸው ነበር፤ ያገኘችው የጀልባ ማውጫና በበርሜል የተሠሩ የውኃ ጉድጓዶች ብቻ ነው። ሰዎቹን አላገኘችም። እስከዚያ ቀን ድረስ እስፓኞች የት እንዳሉ እንኳ በትክክል አያውቁም ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ እህሉ። እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሰው በቀን 700 ግራም እህል ይብላ እንበል። ሌላ ምግብ ለሌለው የጉልበት ሠራተኛ ብዙ አይደለም። 115 ሰው በቀን 80 ኪሎ ይበላል። በወር 24 ኩንታል። ዋይት ከሄደበት ከኦገስት መጨረሻ እስከ ቀጣዩ ዓመት የበቆሎ እሸት 11 ወር ነው፤ 264 ኩንታል። ዓሣ አለ፣ ሸርጣን አለ፣ አጋዘን አለ፣ ለውዝ መሳይ ፍሬ አለ፤ ግማሹን በዚያ ሸፍኑት። 132 ኩንታል እህል ከየት ይመጣል? ልብ ወለዳችሁ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለው ሰዎቻችሁ በሦስተኛው ምዕራፍ ሞተዋል፤ እናንተ ግን አሁንም እያናገራችኋቸው ነው።

መዝራት አይችሉም ነበር ወይ? የመጡት በጁላይ መጨረሻ ነው። ከሌን ጋር የነበረው ሊቁ ቶማስ ሃሪየት የአገሬውን አዘራር በዝርዝር ጽፏል። ወንዶቹ በረጅም እጀታ የእንጨት መቆፈሪያ፣ ሴቶቹ ተቀምጠው አንድ ጫማ በምታህል አጭር መኮትኮቻ የላዩን አፈር ብቻ ይገለብጣሉ፤ አረሙንና ያለፈውን ዓመት አገዳ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ አድርቀው ያቃጥሉታል። ፍግ አያደርጉም። ከዚያ ከማሳው ጥግ ጀምረው በየሁለት ክንድ ያህል ርቀት ጉድጓድ ይበሳሉ፤ በእያንዳንዱ አራት የበቆሎ ፍሬ እርስ በርስ ሳይነካካ፣ በአውራ ጣት ስፋት ተራርቆ ይገባል። በመካከሉ ቦሎቄና ዱባ ይዘራል። ፈጣኑ በቆሎ በ11 ወይም በ12 ሳምንት፣ ዘግይቶ የሚደርሰው በ14 ሳምንት ይበላል። ቁጠሩ፤ ቤቱን ጠግነው፣ መሬቱን መንጥረው በኦገስት አጋማሽ ቢዘሩ የፈጣኑ በቆሎ መድረሻ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው፤ ቅዝቃዜ ገብቷል። በዚያ ላይ እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የለንደን ባለሙያዎች ናቸው። ገበሬ የነበረውም የሚያውቀው በበሬ አርሶ ስንዴና ገብስ መበተን ነው። በሬ የለም።

ሃሪየት አንድ የእንግሊዝ ኤከር ቢያንስ 200 ቡሽል (የእንግሊዞች የእህል መስፈሪያ ነው) በቆሎ፣ ቦሎቄና አተር ይሰጣል ብሏል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ አትሩጡ። መጽሐፉ በ1588 የታተመው ባለገንዘቦች ለራሌይ ገንዘብ እንዲያወጡ፣ ሰዎችም እንዲሄዱ ለመሳብ ነው። የማስታወቂያ ጽሑፍ ነው፤ እንደ ማስታወቂያ አንብቡት።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይህ ነው። በዚያ አካባቢ ረግረግ ውስጥ እጅግ ዕድሜ ጠገብ ዛፎች አሉ። በ1998 የታተመ የዛፍ ቀለበት ጥናት ከ1587 እስከ 1589 ያለው ድርቅ በ800 ዓመት ውስጥ ከታዩት የሦስት ዓመት ድርቆች ሁሉ የከፋ እንደነበር አሳይቷል። ዋይት እነሱን ትቶ የሄደው በዚያ ድርቅ መጀመሪያ ላይ ነው። ይህን ሳያውቅ የጻፈ ሰው የተትረፈረፈ የመከር በዓል ይጽፍላቸዋል። ይባስ ብሎ ከቱርክ ዶሮ ጋር! ያ በዓል የሌሎች ሰዎች፣ የሌላ ቦታ፣ የ1621 ነው።

እንግዲህ እህሉ ያለው በአገሬው እጅ ብቻ ነው። አገሬውስ ምን አለ? ሰፋሪዎቹ በደረሱ በሳምንታቸው ወደ ክሮአቶአን ሄዱ። የማንቴዮ እናትና ዘመዶች እዚያ ናቸው። ሰዎቹ በደስታ ተቀበሏቸው፤ ነገር ግን አስቀድመው አንድ ነገር ለመኑ፦ «በቆሏችንን አትውሰዱብን፣ አታበላሹብንም፤ ያለን ጥቂት ነው።» ልብ በሉ፤ ወዳጆቹ ናቸው እንዲህ ያሉት። ጠላቶቹ አይደሉም።

ለምን ፈሩ? ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጁላይ 1585፣ አክዋስኮጎክ በምትባል መንደር አንድ የብር ጽዋ ጠፍቶ ነበር። እንግሊዞቹ ጽዋውን ጠየቁ፣ አልተመለሰም፤ መንደሩንና በቆሎውን አቃጠሉ። ለአንድ ጽዋ የአንድ መንደር የዓመት እህል! ይህን የሰማ የሃተራስ ሰው «እህሌን» ቢል ይፈረድበታል?

የመጀመሪያው ሟች ጆርጅ ሃው እንኳ የሞተው ምግብ ፍለጋ ነው። በደረሱ በስድስተኛው ቀን ከባልንጀሮቹ ሁለት ማይል ርቆ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ብቻውን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ሸርጣን ሲለቅም 16 ቀስት ወጉት። ብቀላውም የእህል ታሪክ ነው። ኦገስት 9 ንጋት ሳይቀድ እንግሊዞቹ ተሻግረው ዳሳሞንክዌፐክ የምትባለውን መንደር ወጉ። ጠላቶቻቸው ግን በቆሏቸውን ማሳ ላይ ጥለው ሸሽተዋል። እሳት ዙሪያ የተቀመጡት ያንን የተተወ በቆሎ ሊሰበስቡ የመጡ የክሮአቶአን ሰዎች ነበሩ፤ የማንቴዮ ወገኖች! እንግሊዞቹ ስሕተታቸውን ያወቁት ተኩሰው ነው። ከዚያስ ምን አደረጉ? የበሰለውን በቆሎ፣ አተርና ዱባ ሰብስበው ወደ ሮአኖክ ተመለሱ።

ይህን ትዕይንት ማንም መፍጠር አያስፈልገውም። ዋይት ራሱ ጽፎታል። ማንቴዮም አዘነ፤ ዋይት እንደሚለው ግን ጥፋቱ የገዛ ወገኖቹ ነው ብሎ ተናገረ። እውነት ከልቡ ነው? ወይስ በሁለት ወገን መካከል የቆመ ሰው የሚለው ነገር ነው? ልብ ወለድ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

አሁን ሦስተኛው፣ እምነቱ። በዚህ አዳራሽ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም እንዳለ አውቃለሁ፤ ለሁላችሁም የሚሆን ነገር አለ።

ከመራራው ልጀምር። ጁን 1 ቀን 1586 ራልፍ ሌን የሮአኖክን ንጉሥ ዊንጊናን ለንግግር በሚል ሰበብ ቀረበው። ለወታደሮቹ የተኩስ ምልክት የሚሆን ቃል አስቀድሞ ሰጥቷቸዋል። ቃሉ ምን ነበር መሰላችሁ? «ክርስቶስ ድላችን!» ይህን ቃል ጮኸ፤ ተኮሱ፤ ንጉሡ ተሳዶ ራሱ ተቆረጠ። ሌን ይህን አልሸሸገም፤ በራሱ ዘገባ ጽፎታል። ቤተሰቦቹ የመጡት ከዚህ 14 ወር በኋላ ነው። እንግዲህ በመጽሐፋችሁ ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት እናት ለአንዲት የሮአኖክ እናት ክርስቶስን ስትመሰክር ያቺ ሴት ስሙን የሰማችው መጀመሪያ የት እንደሆነ አትርሱ። ብዙ ክርስቲያናዊ ልብ ወለዶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አገሬውን ስለ ክርስቶስ ምንም ሰምቶ የማያውቅ ንጹሕ ወረቀት ያደርጉታል። ወረቀቱ ግን ንጹሕ አልነበረም፤ ተጽፎበት ነበር።

ደግሞም አገሬው የራሱ እምነት ነበረው። ሃሪየት እንደጻፈው «ማንቶአክ» የሚሏቸው ብዙ አማልክት አሏቸው፤ ከሁሉ በላይ ግን ከዘላለም የነበረ አንድ ታላቅ አምላክ አለ ይላሉ። ነፍስ አትሞትም ይላሉ፤ ክፉ ሰው «ፖፖጉሶ» በሚባል፣ በፀሐይ መግቢያ በኩል ባለ የሚነድ ጉድጓድ ይቃጠላል ይላሉ። ሰባኪ ገጸ ባሕርያችሁ ይህን ሳያውቅ ገሃነምን ሊያስረዳ ቢነሳ አድማጮቹ ይቀድሙታል።

ሃሪየት መጽሐፍ ቅዱስ ሲያሳያቸው ብዙዎቹ ሊነኩት፣ ሊያቅፉት፣ ሊስሙት፣ በደረታቸውና በራሳቸው ላይ ሊያደርጉት ወደዱ። እሱ ኃይሉ በመጽሐፉ አካል ሳይሆን በትምህርቱ ነው ብሎ ለማስረዳት ተቸገረ። እዚህ ላይ የአማርኛ ጸሐፊ ከእንግሊዛዊው ጸሐፊ ይልቅ ቅርብ ነው። ወንጌል መሳለም፣ በመጽሐፍ መዳበስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሃሪየት ለምን እንደደነገጠ ነው ማስረዳት ያለብን።

አሁን ወደ ጥምቀቱ። ኦገስት 13 ቀን 1587 ማንቴዮ ተጠመቀ፤ የሮአኖክና የዳሳሞንክዌፐክ ጌታ የሚል ማዕረግም ተሰጠው። ቀኑን አስተውላችኋል? ወገኖቹ በስሕተት በተተኮሰባቸው በአራተኛው ቀን! ማዕረጉ ደግሞ የተገደለው የዊንጊና አገር ነው።

ይህን ጥምቀት የምትጽፉ ሰዎች ሦስት ተግባራዊ ነገር ያዙ። አንደኛው፣ በሰፋሪዎቹ የስም ዝርዝር ላይ ማንም ቄስ ተብሎ አልተጻፈም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሥርዓት፣ የ1559ኙ የጸሎት መጽሐፍ፣ ጭንቅ ሲሆን ቄስ ያልሆነ ሰው፣ አዋላጅም ሳትቀር፣ ታጠምቅ ነበር፤ ይህ የተከለከለው በ1604 ነው። ስለዚህ ነጭ የለበሰ ካህን ከማቆማችሁ በፊት ከየት እንዳመጣችሁት ተናገሩ። ሁለተኛው፣ ያ መጽሐፍ የአዋቂ ጥምቀት ሥርዓት የለውም! የአዋቂ ጥምቀት የተጨመረው በ1662 ነው። በ1587 ያለው የሕፃን ነው፤ የክርስትና አባትና እናት በሕፃኑ ፈንታ «እክዳለሁ፣ አምናለሁ» የሚሉበት። ማንቴዮ ሁለት ጊዜ ለንደን ደርሶ የመጣ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር ጎልማሳ ነው። ታዲያ ማን መለሰለት? እሱ ራሱ? ወይስ እንደ ሕፃን ሌላ ሰው? ይህ አንድ ጥያቄ ብቻውን ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሦስተኛው የቀን ነገር ነው፤ ያቆየሁት የአቆጣጠር ጉዳይ። እንግሊዞቹ ያኔ የሚቆጥሩት በአሮጌው፣ በዩልዮስ አቆጣጠር ነው። የእኛ አቆጣጠር ከእሱ ጋር ይሄዳል። ዛሬ ኦገስት 18 ነሐሴ 12 ነው። የዚያን ጊዜው ኦገስት 18 ግን ነሐሴ 25 ነበር። ስለዚህ ቨርጂኒያ ዴር የተወለደችው ነሐሴ 25 ቀን 1579 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አገር የዐፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን። ስልካችሁ ላይ ያለ መቀየሪያ ሌላ ቀን ይሰጣችኋል፤ አትመኑት። ዕለቱም ዓርብ ነው። ዋይት ሕፃኗ በሚቀጥለው እሑድ ተጠመቀች ይላል። ብዙ መጻሕፍት ኦገስት 24 ብለው ይጽፋሉ፤ ያ ቀን ሐሙስ ነው። እሑዱ ኦገስት 20 ነው። የማንቴዮ ቀን ኦገስት 13ም እሑድ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ያ የጸሎት መጽሐፍ ለየእሑዱ መልእክትና ወንጌል መድቧል፤ እንደ እኛ ግጻዌ ማለት ነው። የ1587 ፋሲካ አፕሪል 16 ነበር። ከዚያ ስትቆጥሩ ኦገስት 13 ከሥላሴ በኋላ ዘጠነኛው እሑድ ይሆናል። የዕለቱ መልእክት አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10 ነው፦ አባቶቻችን ሁሉ ከደመና በታች እንደነበሩ፣ በባሕር መካከል እንዳለፉ፣ በደመናና በባሕር እንደተጠመቁ። ይኸው ምንባብ ዝቅ ብሎ ብዙዎቹ በምድረ በዳ ወድቀው መቅረታቸውን ይናገራል። ኦገስት 20፣ ሕፃኗ በተጠመቀችበት እሑድ፣ ወንጌሉ ሉቃስ 19 ነው፤ ጌታ ከተማዪቱን አይቶ ያለቀሰበት። የእነሱ ሰፈራ በወረቀት ላይ ስሙ ምን ነበር? «የራሌይ ከተማ»። ሥርዓቱን እንደ መጽሐፉ ከፈጸሙት የተነበበው ይህ ነው። እናንተ ጥቅስ መምረጥ አይጠበቅባችሁም፤ ተመርጦላችኋል። ብቻ ከ1611ዱ የንጉሥ ጄምስ ትርጉም እንዳትጠቅሱ፤ ገና አልተወለደም። በየቤቱ ይነበብ የነበረው በ1560 የታተመው የጄኔቫው መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ በኅዳጉ ማብራሪያ ያለው።

እንግዲህ ዕጣቸው። ምን ሆኑ ትላላችሁ?

አምስት ያህል መንገድ አለ። ሁለቱን በቶሎ ልዝጋ። በጀልባ ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ ሰጠሙ የሚለው ይቻላል፤ ነገር ግን 115 ሰው ለሚይዝ ጀልባ ሒሳቡ አይገጥምም። ስፔንን አንስተናል። በ1937 መገኘት የጀመሩት የኤሊኖር ዴር ጽሑፍ ተቀርጾባቸዋል የተባሉት ድንጋዮች ላይ ደግሞ ቤት አትሥሩ፤ የመጀመሪያው ድንጋይ እስከዛሬ ያከራክራል፣ ተከታትለው የወጡት ግን የማጭበርበር ሥራ መሆናቸው በ1941 በመጽሔት ተጋልጧል። ቨርጂኒያ ወደ ነጭ አጋዘን ተለወጠች የሚለውም ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ተረት ነው።

የሚቀሩት ሦስት ናቸው። ክሮአቶአን፣ የተቀረጸው ስም የሚለው። የውስጡ ምድር፤ ዋይት ሲሄድ 50 ማይል ወደ ውስጥ ለመግባት አስበው ነበር ብሏልና። በ2012 የብሪታንያ ሙዚየም ባለሙያዎች የዋይትን ካርታ ሲመረምሩ በተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት ሥር የምሽግ ምልክት አገኙ፤ ከሮአኖክ ወደ ምዕራብ፣ ወንዞቹ ከሚገናኙበት አጠገብ። በዚያ ሲቆፈር የዘመኑ የሚመስል የእንግሊዝ ሸክላ ስብርባሪ ወጥቷል። ሦስተኛው ቼሳፒክ ነው፤ በ1607 የእንግሊዞች ሰፈር ጄምስታውን ከተቆረቆረች በኋላ የሰፈሯ ጸሐፊ ዊልያም ስትሬቺ ታላቁ አለቃ ፓውሃታን አስፈጃቸው ብሎ ጽፏል፤ ከሞት ተርፈው መዳብ የሚቀጠቅጡ አራት ወንዶች፣ ሁለት ልጆችና አንዲት ልጃገረድ ሪታኖይ በሚባል ቦታ አሉ ሲልም ይጨምራል። ያየው ግን አይደለም፤ የሰማው ነው።

እኔ የምፈርደው በእህሉ ነው። ክሮአቶአን «ያለን ጥቂት ነው» ያለች ጠባብ የአሸዋ ደሴት ናት። በድርቅ ዓመት 115 ተጨማሪ አፍ አትቀልብም። ሃያ፣ ምናልባት ሠላሳ ሰው ትቀልባለች። ስለዚህ ተከፋፍለዋል። ብዙዎቹ ፈርሶ የተጫነውን ቤት ይዘው ወደ ውስጥ፣ ወደ ወንዞቹ ገቡ፤ ጥቂቶቹ ዋይትን ለመጠበቅ ክሮአቶአን ቀሩ፣ መርከብ የሚታየው ከዚያ ነውና። ወደ ውስጥ የገቡትም አንድ ላይ የሚቀልባቸው መንደር አያገኙም፤ እንደገና ይከፋፈላሉ፣ በየቤቱ አንድ ሁለት እየሆኑ። ያን ጊዜ አንድ የእንግሊዝ ሰፈር የሚባል ነገር አይኖርም። የጠፋው ሰፈሩ ነው፤ ሰዎቹ በየምድጃው ዙሪያ አሉ።

እዚህ ላይ ነው ልብ ወለዱ ክርስቲያናዊ የሚሆነው ባይ ነኝ። በቆሎው የተቃጠለበት ሰው፣ ንጉሡ «ክርስቶስ» ተብሎ የተገደለበት ሰው፣ በረኃብ ዓመት ከጎተራው ዘግኖ ለአንዲት እንግሊዛዊት እናትና ለሕፃኗ ይሰጣል። ወይም አይሰጥም። ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱ መንደር ሰጠ፣ ሌላው ከለከለ በሉ። «ተርቤ አብልታችሁኛል» የሚለው ቃል በማን ላይ እንደተፈጸመ አንባቢው ራሱ ይየው፤ በገጸ ባሕርይ አፍ አትስበኩት። እባካችሁ አትስበኩት!

ሃሪየት የጻፈውን ሌላውንም ነገር አትዝለሉት። በ1585 እና 1586 እንግሊዞቹ ባለፉባቸው መንደሮች ሰው ይሞት ጀመር፤ በአንዱ 20፣ በአንዱ 40፣ በአንዱ 60፣ በአንዱ ደግሞ 120። አገሬው በማይታይ ጥይት ይገድሉናል አለ። እንግሊዛዊት እናት የተቀበለ ቤት ይህን ፍርሃት አብሮ ተቀብሏል። በመጽሐፋችሁ ውስጥ ያስጠለሏት አሮጊት ብትሞት አትገረሙ፤ ልጅቷን ለማሳደግ የሚቀረው ማን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ወስኑ።

ቨርጂኒያን በተመለከተ። ጄምስታውን ስትቆረቆር 19 ዓመቷ ነበር፣ ከኖረች። እንግሊዝኛዋ የእናቷ እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ በዕድሜዋ ያለ የእንግሊዝ ልጅ ጥቂት ነው። በቆሎ የምትዘራው ተቀምጣ በአጭር መኮትኮቻ ነው። ወርቃማ ፀጉሯን በነፋስ እያውለበለበች ገደል ላይ የምትቆም ጀግና አታድርጓት፤ አንደኛ፣ በዚያ ጠረፍ ገደል የለም። ሁለተኛ፣ በዚህ አገር ዘረኞች ያንን ምስል ለራሳቸው ዓላማ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የወንዙን ዓሣ በአጥር ማጥመድ የምታውቅ፣ የሁለት ቋንቋ ልጅ አድርጓት።

የሰፋሪዎቹን ዘር መከተል ለሚፈልግ የመጨረሻው ምስክር አሳሹ ጆን ላውሰን ነው። በ1701 በካሮላይና ተዘዋወረ፤ የሃተራስ ሰዎች ከአያቶቻችን ጥቂቶቹ ነጮች ነበሩ፣ እንደ እናንተ ከመጽሐፍ ይናገሩ ነበር አሉት፤ ከነሱ መካከል ግራጫ ዓይን ያላቸውን አየሁ ብሎ ጽፏል። ከ1587 በኋላ 114 ዓመት ነው፤ አራት ትውልድ። መጽሐፉ የጄኔቫው ይሁን የጸሎት መጽሐፉ፣ ገጾቹ በአራት ትውልድ እርጥበት ምን እንደቀራቸው፣ ማን ማንን ማንበብ እንዳስተማረ፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። ፌብሩዋሪ 1588ን ጻፉልኝ። አምስት ገጽ ይበቃል። የበልግ ዓሣ ገና አልመጣም፣ የተዘራ ነገር የለም፣ ዋይት አልተመለሰም። አንድ ድስት፣ ስድስት ሰው፣ ከነሱም ሁለቱ ክሮአቶአኖች። በቆሎው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደፈጨው፣ ማን ቀድሞ እንደበላ፣ ማን አልበላሁም ብሎ እንደዋሸ ይኑርበት። ተአምር አይኑርበት። ከበሉ በኋላ ቢጸልዩ እፈቅዳለሁ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደጸለዩ ግን ጻፉ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።